ስፒከር ውስጥ የገባ አማች

አንዳንድ ወንድ አርባን ሲያልፍ ሁለተኛ ሚስት ያምረዋል። አንዳንዱ ፀጉሩን ጥቁር ይቀባና መስታወት ፊት ቆሞ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። እኔን ያማረኝ ሬዲዮ ነው። የምትሰሙትን ሬዲዮ ማለቴ አይደለም፤ የሚያወሩበትን ነው። አማተር ሬዲዮ ይሉታል። ተፈትናችሁ ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ በፊደልና በቁጥር የተሠራ መጠሪያ ይሰጣችኋል፣ ጣሪያ ላይ ረጅም ሽቦ ትዘረጋላችሁ፣ ከዚያ ከማታውቁት አገር ከማታውቁት ሰው ጋር ላብ እስኪያጠምቃችሁ ታወራላችሁ። ባለቤቴ ነኢማ ሁለተኛ ሚስት ባገባ ይሻላት እንደነበር ደጋግማ ነግራኛለች። «እሷ ቢያንስ ሳህን ታጥብልኝ ነበር» ትላለች።

በመጀመሪያው ሰሞን ከአንድ ብራዚላዊ ጋር አውርቼ፣ በደስታ እየዘለልኩ ማድ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«እሰማሃለሁ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እኔም እሰማሃለሁ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተሰነባበትን።»

ቢላዋውን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ እዚሁ ሆኜ ጋዙ አልቋል ብዬ ስጮህ የማትሰማ ሰውዬ፣ ብራዚል ያለውን ሰማኸው?»

ባዶውን የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሜ ወጣሁ።

ግን እስቲ ፍረዱኝ። የምሠራው ጅቡቲ፣ ትራንዚት ቢሮ ነው። የሰው ኮንቴይነር አስፈትቼ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ላይ አስጭናለሁ። ኑሮዬ ወረፋ ነው ማለት ነው። ወደቡ በር ላይ እሰለፋለሁ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው በር ላይ እሰለፋለሁ፣ ማህተም የሚመታው ሰውዬ ጫቱ እስኪመጣለት ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ ከመጣለት በኋላ ደግሞ ሰውዬው ራሱ የለም። ማንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «አንተ፣ ፈቀቅ በል» ነው የምባለው። ሬዲዮው ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ጅቡቲ ውስጥ ይሄ ጉዳይ ያለበት ሰው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ በዓለም ላይ ያለ አማተር ሁሉ ጅቡቲን ሲሰማ እንደ ብርቅ ነው የሚያየው። ገና ሃሎ ከማለቴ ጃፓኑ፣ ጣሊያኑ፣ ፊንላንዱ መጠሪያዬን እየጠራ ይንጫጫል። እኔም ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ «አንድ በአንድ፣ ወረፋ ጠብቁ» እላለሁ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ብቻ ሰው ሬዲዮ ቢገዛ ያስፈርዳል?

የገዛሁበት መንገድ ግን ትንሽ ያስፈርዳል። ነኢማ የላከችኝ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንድገዛ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጣል ተባለና ሄድኩ። ማሽኑን ሊያሳየኝ ሲወስደኝ መንገዳችን በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ አለፈ። ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮው ነበር። ሰውዬው ሲያበራው ከውስጡ የሆነ ሩቅ ሰው ሳለ። በቃ፣ ሳሉ ተጋባብኝ። ሳጥን ተሸክሜ ቤት ስገባ ነኢማ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ትንሽ አይደለም ወይ?» አለች። «ይሄ ልብስ ያጥባል?»

«አያጥብም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሞገድና ስለ ሰማይ ንብርብር ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ካላጠበ ያድርቅ» ብላ ገባች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከአንድ ጃፓናዊ ጋር እያወራሁ ድምፅህ ጠፋ አለኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ባይ፣ በስንት ልክና ስሌት የዘረጋሁት አንቴና ላይ አንሶላዎቻችን፣ የልጃችን የሀያት ዩኒፎርም፣ የእኔም ከነቴራዎች ተሰጥተዋል። ጃፓን የሄደው ድምፄ በገዛ ከነቴራዬ ውስጥ አልፎ ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን መልካም። የምንኖረው ካርቲዬ ሲስ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ቤቱ የመዳም ሃስና ነው፤ እሷ ከሥር፣ እኛ ከላይ። መዳም ሃስና ባሏ የሞተባት፣ ግዙፍ፣ ድምፀ ነጎድጓድ የጅቡቲ ሴት ናት። በወጣትነቷ ድሬዳዋ እየተመላለሰች ስትነግድ የለመደችው አማርኛ አላት፤ የለመደችው ከገበያ ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው። የነኢማን ልብስ አይታ፣ ጥሩ የልብስ ገመድ ተዘርግቷል ብላ እሷም ድሪዓዋን፣ ያንን ሰፊ ቀሚሷን፣ አጥባ ይዛ ወጣች። እኔ ታች የማይክሮፎኑን ማውሪያ ቁልፍ ተጭኜ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ከጅቡቲ ነው» እያልኩ ነው። እሷ በእርጥብ እጇ የሽቦውን ራቁት ጫፍ ያዘች።

እንዲህ ዓይነት ሽቦ፣ ሬዲዮው በሚናገርበት ጊዜ ጫፉን ከያዙት ይነክሳል። አይገድልም፤ ጣት ላይ ግን እንደ ሲጋራ ጠባሳ ያለ ነገር ይተዋል። ጩኸቷን ያለ ሬዲዮ ብራዚል ሳይሰሙት አይቀሩም።

«ወላሂ ነከሰኝ!» እያለች ወረደች። «አንተ ሐበሻ፣ ጣሪያዬ ላይ ምን ዓይነት እባብ ነው ያሰርከው?»

ሽቦው እንዲነሳ ወይም እኛ እንድንነሳ ወሰነች። ያዳነኝ ሮብሌ ነው። ሮብሌ ሃያብለ ሰፈር የሚኖር፣ እዚህ ክሊም የሚሉትን የአየር ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ነው፤ ከተማው ውስጥ ካሉት ጥቂት የሬዲዮ በሽተኞች አንዱም እሱ ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። መጣ፣ የመዳም ሃስናን ክሊም ክረምት እስኪመስላት ድረስ ሠራላት፣ እግረ መንገዱንም ሽቦውን ማንም እጁን ዘርግቶ እንዳይደርስበት በረጅም ቧንቧ ላይ ሰቀለው። መዳም ሃስና በቀዝቃዛው አየር ልቧ ራራ። ሽቦው ግን አሁን በትክክል በሳሎናችን አናት ላይ፣ ከዲሹ ገመድና ከመብራቱ ገመድ ጋር ተቃቅፎ ያልፍ ጀመር። ይሄን ያኔ ማንም ልብ አላለም። ወደ ዋናው ጉድ ያደረሰን ይሄው ነው።

ዋናው ጉድ የነኢማ ታናሽ እህት የሰሚራ ጉዳይ ነው። ሰሚራ እኛ ዘንድ ተቀምጣ ነርስነት ትማራለች። ያሲን የሚባል የሐረር ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ሁለቱ ከተስማሙ ቆይተዋል። የቀረው ትልልቆቹ ገና ምንም እንዳልተወሰነ ሆነው መወሰናቸው ነው። የነኢማ አባት ሀጂ ዑመር፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ለዚሁ ሲሉ ከድሬዳዋ መጡ። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ የልጁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተባለ።

ያን ዕለት ነኢማ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ገለበጠችው። ሳምቡሳ ተጠበሰ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ መጣ፣ ሳሎን ውስጥ ትልቁ ስፒከር ተቀመጠና መንዙማ በቀስታ ተከፈተ። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ሁለት ነው፤ በረዶ ማመላለስና ዝም ማለት።

«ዛሬ ያንን ሳጥን እንዳትነካው» አለችኝ ነኢማ ሻሿን እያሰረች። «እህቴ ናት። ዛሬ ብታበላሽ፣ ሬዲዮውንም አንተንም አንድ ላይ ነው የምሸጣችሁ።»

«አቦ፣ ምን ነካሽ! እኔ ልጅ ነኝ?» አልኳት።

እንግዶቹ መጡ። መሪያቸው የልጁ አጎት አቶ ጀማል ነው፤ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ወፍራም፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ሲናገር እጁን እንደ መሪ የሚያዞር ሰው ነው። ከእሱ ጋር እህቱ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ሌሎችም ሁለት ዝምተኛ ሽማግሌዎች አሉ። ሀጂ ዑመር ፊታቸውን አኮሳትረው ተቀበሏቸው። እኔ ሀጂን አውቃቸዋለሁ፤ ደስ ሲላቸው ነው እንደዚያ የሚኮሳተሩት።

በረዶው ያለበት ትልቁ ፍሪጅ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል ነው። ሬዲዮውም እዚያው ነው። ይሄን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም፤ «ሁለቱንም የማይጠቅም ነገር አንድ ቦታ አድርገው» ብላ ያስገባችው ነኢማ ናት። ፍሪጁ ያኔ ገና አልተጠገነም ነበርና አብሮ ተሰደበ።

ሁለተኛውን በረዶ ላመጣ ስገባ ከሬዲዮው የሮብሌ ድምፅ ይጠራኛል። ለካ ጠዋት ሳላጠፋው ቀርቻለሁ። ሰው ስሙን ሲጠራው ዝም ይላል? ነውር አይደለም? ልሰናበተው ብዬ ማይክሮፎኑን አነሳሁ።

«ሮብሌ፣ እንግዳ አለብኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ ብቻ። የድሮዋን ሬዲዮ ጠግኛታለሁ፣ እስቲ በድሮው ዘዴ እናውራና ድምፄ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ እኔም የገባኝ በኋላ ነው። እኛ አዘውትረን የምናወራበት ዘዴ ሳያስቡት በአጠገቡ ባለ ገመድ በኩል ሌላ ዕቃ ውስጥ ቢገባ እንኳ ዳክዬ ሲጣላ ነው የሚመስለው፤ ቃሉ አይለይም። የድሮው ዘዴ ግን ስፒከር ውስጥ ከገባ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው። ደግሞ በዚያች ሰዓት ሳሎን ውስጥ መንዙማው የሚጫወትበት የነኢማ ስልክ ቻርጅ ጨርሶ ጠፍቷል። ስፒከሩ በርቶ፣ ዝም ብሎ፣ የሚናገርለት ሰው እየጠበቀ ነበር።

ቁልፉን አዙሬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ደገፍም አልኩ።

«ግሩም ነህ» አልኩት። «እኔስ?»

«ወላሂ አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የሚመስለው። ሽማግሌዎቹ መጡ?»

«መጥተዋል» አልኩት። «ከመጡ ጀምሮ የሚያወሩት ስለ ሙቀት ነው። አንዱ ዘንድሮ ባሰ ይላል፣ ሌላው አምና ይብስ ነበር ይላል። ሙቀቱን ሊድሩት የመጡ ነው የሚመስለው።»

ሮብሌ ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ እንዴት እንደምሆን አታውቁም። ቀጠልኩ።

«ጀማል የሚባለው አጎት ደግሞ ልጁን የመጋዘን ኃላፊ አድርጎ ሾመው። መጀመሪያ ሲገቡ ‹ሠራተኛ› ነበር። አንድ ሳህን ሳምቡሳ ሲበላ ‹ተቆጣጣሪ› ሆነ። ሁለተኛውን ሲጨርስ ‹ኃላፊ›። ሦስተኛ ሳህን ካቀረብን የወደብ ሚኒስትር ሳያደርገው አይነሳም።»

«ኃላፊ አይደለም እንዴ?»

«የምን ኃላፊ! ፎርክሊፍት ነው የሚነዳው። ልጁ ራሱ ገና ከመጀመሪያው ነግሮናል፤ የወደድነውም ስላልዋሸን ነው።»

«ሀጂስ ምን አሉ?»

«ሀጂማ ‹እናስብበታለን› ሊሉ ነው። ክብር ነዋ! ሦስት ወር ሊያስቡ ነው። ምኑን እንደሚያስቡት እኔ እንጃ። ባለፈው ሰሞን ሩዝ ገዢ መስለው ልጁ ሥራ ቦታ ድረስ ሄደው አይተውት መጥተዋል። ሩዝ እኮ አይነግዱም፣ ጨርቅ ነው የሚሸጡት! የሩዙን ጆንያ እንደ ፖፕሊን ጨርቅ በጣታቸው ሲያሹት ታየኝ።»

በሩ ተከፈተና ነኢማ ገባች። እጇ ዱቄት ነው፣ ዓይኗ እሳት ነው። እኔም ደንግጬ ጣቴ ማውሪያው ላይ እንደተጫነ ቀረ።

«በረዶው የት አለ?» አለች። «እዚህ ተቀምጠህ ነው? እህቴ ማድ ቤት ውስጥ ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች! አባባ እዚያ ፊታቸውን ቋጥረው ተቀምጠዋል፤ ትናንት ‹ይሄን ልጅ ያጣሁት እንደሆነ ሌላ አማች አልፈልግም› ሲሉ ያደሩት እሳቸው አይደሉም? ያ ጀማል ደግሞ ለነገ ያስቀመጥኩትን ሳምቡሳ ሳይቀር ጠራርጎታል! ቁጭ ብለህ ታወራለህ፣ አንተ—»

የቀረውን አልጽፈውም። ትንፋሽ ስትወስድ ጣቴን አነሳሁ። ሮብሌ ቶሎ ገባ።

«ስማ እንጂ፣ ስታወራ ከኋላህ የራስህ ድምፅ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ሌላ የተከፈተ ነገር አለ እንዴ?»

እኔና ነኢማ ተያየን። ሳሎን ውስጥ ጸጥታ ነው፤ ስለ ሙቀት እንኳ የሚያወራ የለም። ቀስ ብዬ ማውሪያውን ተጫንኩና በሹክሹክታ «ሃሎ» አልኩ።

ከሳሎን ወፍራም፣ የሚያምር ድምፅ «ሃሎ» አለ። የእኔ ድምፅ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ግን ግርማ ሞገስ አለው።

ነኢማ «ያ ረቢ!» አለች።

ሳሎኑም «ያ ረቢ!» አለ።

ማይክሮፎኑን እንደ ፍም ጣልኩት።

የሰው ልጅ በእንደዚያ ያለ ሰዓት ብልህ ነገር ማሰብ አለበት። እኔ ያሰብኩት በረዶውን ነው። በረዶውን በሳህን ይዤ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ሳሎን ገባሁ። ሀጂ ዑመር ስፒከሩን እንደ ሰው አፍጠው ያዩታል። ሁለቱ ዝምተኛ ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን ያያሉ። አቶ ጀማል እጁ ላይ ግማሽ የተበላ ሳምቡሳ አለ፤ መብላትም መመለስም አቅቶት አየር ላይ ይዞታል።

«በረዶ» አልኩ።

ሳህኑንም ወደ ሀጂ ዘረጋሁ።

አቶ ጀማል ሳምቡሳውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። «ተነሱ» አለ ለሰዎቹ። «እኛ የመጣነው ሰው ቤት መስሎን ነው። በማይክሮፎን እየቆጠሩ ነው ለካ የሚያበሉን።»

«አቶ ጀማል፣ እባክዎን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው—» ስል፣

«ድምፅዎን ጠግበነዋል!» አለኝ።

ማድ ቤቱ በር ላይ ሰሚራ ቆማለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ እኔን ነው የምታየው። በዚያች ቅጽበት ሬዲዮውን ቀይ ባሕር ውስጥ ብጥለው፣ እኔም ተከትዬው ብገባ ደስ ባለኝ። ይቺ ልጅ ቤታችን ከገባች ጀምሮ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ስታመም ያስታመመችኝ እሷ ናት። አሁን በእኔ አፍ ትዳሯ በር ላይ ጫማ እያጠለቀ ነው።

ጫማ እያጠለቀ ያልኩት እውነቴን ነው። አቶ ጀማል በሩ ጋ ደርሶ በጥድፊያ አንዱን እግሩን በራሱ ጫማ፣ ሌላውን በእኔ ጫማ ውስጥ ከተተ። የእኔ ጠበበው። በሩን ሲከፍት ግን መውጫ አጣ። መዳም ሃስና ደረጃውን ሞልታው ቆማለች፤ ድሪዓዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ እያለከለከች።

«ቴሌቪዥኔ ውስጥ ነበራችሁ!» አለች። «ፊልሜን እያየሁ፣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ይሄ ሐበሻ ነው የሚናገረው! ልጁ ፎርክሊፍት ይነዳል አለ፣ ሽማግሌው ሩዝ ሊገዙ ሄዱ አለ፣ ከዚያ ሚስቱ ገባች፣ ከዚያ ተቋረጠ። ከዚያስ?»

«መዳም፣ አሳልፊኝ» አለ አቶ ጀማል።

«ሙሲዬ፣ መጨረሻውን ሳልሰማ ማንም አይወርድም» አለች፤ አንድ ደረጃም ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ጠባብ ነው። እሷ ሰፊ ናት። አቶ ጀማል ወደ ኋላ ተመለሰ።

ያኔ ወይዘሮ ዘይነባ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ። ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

«ጀማል፣ ልጁ ኃላፊ ነው ወይ?»

«ይሆናላ፣ ወደፊት—»

«አሁን ነው የጠየቅኩህ።»

አቶ ጀማል ሁለት ዓይነት ጫማ ላይ እንደቆመ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ጣራ ጣራውን አየ። «ፎርክሊፍት ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ሀጂ ዞረ። «ሀጂ፣ እርስዎስ? እውነት ሩዝ ሊገዙ ሄደው ነበር?»

ሀጂ ዑመር ጺማቸውን ዳሰሱ። እኝህን ሰው ሲዋሹ አይቼ አላውቅም፤ እውነት ሲናገሩም እንደዚህ ሲጨንቃቸው አላየሁም።

«ሄጄ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ? ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ ዕቃ ሲያነሳ ነበር። መንገዱ ላይ አንዲት ድመት ተኝታለች፤ በዚያ ሙቀት ጥላ አግኝታ። ሰው ይጮህበታል፣ ቶሎ በል ይሉታል። ጡሩምባ መንፋት ይችል ነበር። አልነፋም። ወረደ፣ ድመቷን በሁለት እጁ አነሳት፣ ጥላ ፈልጎ ሌላ ቦታ አስተኛት፣ ተመልሶ ወጣና ሥራውን ቀጠለ።» ጺማቸውን ለቀቁ። «እኔ ለልጄ ኃላፊ አልፈልግም። ሳጥኑ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ላስብበት ነበር። ለምን እንደማስብ ግን አሁን ራሴም ጠፋኝ።»

አንዱ ዝምተኛ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። መዳም ሃስና በሩ ላይ እንደቆመች የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። አቶ ጀማል የእኔን ጫማ ለማውለቅ ይታገል ጀመር፤ እግሩ አብጦ እንቢ አለው። የበረዶውን ሳህን አጠገባችን አስቀምጬ፣ ተንበርክኬ ሳብኩለት። ጫማው ሲወጣ ሁለታችንም ወደቅን፣ ነጩ ጀለቢያው ላይም በረዶው ፈሰሰ። ነኢማ ከኋላዬ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ ሳቀች። ወይዘሮ ዘይነባ ተከተሏት። አቶ ጀማልም መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እያመመው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ፋቲሃው እዚያው ተቀራ፣ ቃሉም ታሰረ። መዳም ሃስናም ገብታ ተቀመጠች፤ ማን ጋበዘሽ የሚላት አልነበረም። ቤቱ የእሷ ነዋ። ሰሚራ መጥታ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝና ሳመችኝ። የሁለቱንም ትርጉም ተረድቻለሁ። ሠርጉ ድሬዳዋ ተደረገ፤ ሮብሌም ሙዚቃው ጋ ተመድቦ፣ ሽቦ ሁሉ ከእኔ በእጅጉ ርቆ እንዲታሰር አደረገ። በኋላም ቤታችን መጥቶ የስፒከሩንና የዲሹን ገመድ የሬዲዮ ሞገድ የሚያግድ ጥቁር ጥቁር ቀለበት አለበሳቸው። ከዚያ ወዲህ መዳም ሃስና ፊልሟን በሰላም ታያለች፤ አንዳንዴ ግን «ዛሬ ምንም የለም?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔ ጥሩ ነበር። ያን ዕለት እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ነኢማ ሬዲዮውን ልታወጣ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባች። ተከትያት ስሄድ ሮብሌ አሁንም ይጠራል። «ምን ሆነ? ወላሂ ልቤ ሊቆም ነው! ሳፊያ አጠገቤ ናት፣ እሷም ሞተች! ፋቲሃ ተቀራ ወይስ አልተቀራም?» ሳፊያ ሚስቱ ናት።

ነኢማ ሳጥኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሳች።

«የት ነው የሚጫነው?» አለች።

አሳየኋት። ሳፊያ ከዚያ ወገን ማይክሮፎኑን ከባሏ ነጠቀች። ነኢማ ከጠዋቱ ጀምራ ነገረቻት፤ ሳምቡሳው ስንት ሽንኩርት እንደፈጀ ሳይቀር። ሕጉ ባለፈቃዱ አጠገብ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው ማውራት ይችላል ይላል። ሕግ አክባሪ ነኝና አጠገቧ ቆምኩ። በኋላ ወንበር አመጣሁ። በኋላ የልጄን የቤት ሥራ እዚያው አሠራሁ። ሲመሽ እራትም እኔው ሠራሁ።

አሁን ነኢማ ተፈትና የራሷን ፈቃድ አውጥታለች። ከእኔ የተሻለ ውጤት ነው ያመጣችው፤ ይሄንንም የሚጠይቃት ሰው ሳይኖር ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ሳፊያም እንደዚያው። ባለፈው ዓርብ ሮብሌን ለማየት ሃያብለ ሄጄ፣ እግረ መንገዴን ቤቴን ልጥራ ብዬ በእሱ ሬዲዮ ተጣራሁ።

«ነኢማ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ጣቢያ አላውቅም» አለ የሚስቴ ድምፅ። «መጠሪያዎን በሙሉ ይናገሩ።»

ምን ላድርግ፣ ፊደሉንም ቁጥሩንም በወግ በወጉ ተናገርኩ።

«ተቀብያለሁ። ሳፊያ ካለች ስጧት፤ ለእርስዎ መልእክት የለኝም።»

ማይክሮፎኑን ለሳፊያ ሰጠሁና እኔና ሮብሌ ወጥተን ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የነኢማ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ፣ ፍየሎቹን አልፎ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ወላሂ» አለ ሮብሌ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «እንደሷ ያለ ጠንካራ ሲግናል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።»

«ምኑን ሰማኸው» አልኩት፣ «እኔ አብሬያት ነው የምኖረው።»